የሰርዲን ቆርቆሮ ባቡር

ባለፈው ቅዳሜ ስልኬ አልሞላ ብሎኝ ንፋስ መውጫ መናኸሪያ አጠገብ ካለች አንዲት ጠባብ የስልክ መጠገኛ ሱቅ ገባሁ። ጠጋኟ፣ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች ወጣት ሴት፣ ስልኬን ከፈተችና በሚጨስ ቀጭን ብረት ጫፍ ውስጡን ነካ አደረገችው። አንዲት ጠብታ እርሳስ ቀልጣ ስታብረቀርቅ አየሁ፤ ወዲያው ጢሱ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። የሚቃጠል ሙጫ ሽታ። እጄ በራሱ ጠረጴዛውን ያዘ።

«አባባ፣ ደኅና ነዎት?» አለችኝ።

«ደኅና ነኝ ልጄ። ሽታው ነው።»

«ያፍናል አይደል? በሩን ልክፈተው።»

«ተይው፣ አትክፈችው» አልኋት። ስልኬ ከተሠራ በኋላ እንኳ ጥቂት ቆየሁ፤ የምገዛው ነገር ያለ ይመስል የስልክ መሸፈኛዎቹን እያገላበጥሁ አየሁ።

ያ ሽታ ለእኔ የጃንሆይ ዘመን ሽታ ነው። ያኔ ንፋስ መውጫ እንደ ዛሬው ባጃጅ የሚተራመስባት ከተማ አልነበረችም። የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ቤቶች ጥቂት ነበሩ፤ ከእነሱም አንዱ እኔ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኜ የምሠራበት ጽሕፈት ቤት ነው። ነፋሱ በተነሣ ቁጥር ክዳኑ ሲንጫጫ የምንጽፈው ይጠፋብን ነበር። ከገበያው በላይ፣ አሁን ባለፎቅ ሆቴል ከቆመበት መታጠፊያ፣ የወይዘሮ አስካለ ጠጅ ቤት ነበረች። የጡብ ያህል ባትሪ የሚጎርስ ራዲዮ ነበራቸው፤ ከአዲስ አበባ ዘፈን የመጣ እንደሆነ በቅሎውን ደጃፉ ላይ ያሰረ ባላገር ሁሉ ጉዳዩን ትቶ ያዳምጣል። አንድ ቆርቆሮ ሰርዲን በስሙኒ ይሸጥ ነበር፤ እኛ ደመወዝተኞች ደመወዝ በተቀበልን ዕለት በርበሬ ነስንሰን በዳቦ እንበላው ነበር። ልብሳችን ካኪ ኮትና ሰፊ ሱሪ፣ ጫማችን ሸራ ነው። ብርዱ ሲጠና ግን ከላይ በርኖስ እንደርባለን፤ ስለዚህ ከወገብ በላይ ባላገር፣ ከወገብ በታች ጸሐፊ ነበርን። ማኅተም የምንመታበት ሐምራዊ ቀለም ከጣታችን አይለቅም ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እንኳ ጣታችንን አይቶ ሰው ሥራችንን ያውቀው ነበር።

እዚያ ልቀር የመጣሁ ሰው አልነበርሁም። አባቴ መሪጌታ አድማሱ ከወገዳ ወዲያ ማዶ ባለች የስማዳ ደብር ዜማ የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። የእኔ ድምፅ ለዜማ እንደማይሆን ገና በልጅነቴ ስላወቁ አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ ላኩኝ። እዚያ ዘመናዊ ትምህርት ተማርሁ፤ ታይፕ መምታትም ለመድሁ። ኋላ ኃይለ ማርያም ከሚባል ጓደኛዬ ጋር ከለገሃር ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተን ኖርን። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ባቡሩን ለማየት እንሄዳለን። ሌላው ወጣት ሲኒማ ይሄዳል፤ እኛ ደግሞ ባቡሩ ሲገባ፣ እንፋሎቱን ሲተነፍስ፣ ሰው ሲወርድ፣ ፉርጎዎቹ ሲቀጠሉና ሲፈቱ እያየን እንውላለን። ኃይለ ማርያም ራዲዮ ጠጋኝ ቤት ይሠራ ስለነበር እርሳስ መበየድን ያስተማረኝ እሱ ነው። በመጨረሻ ሁለታችንም ድሬዳዋ ባለው የባቡር መጠገኛ ለመቀጠር ተፈተንን፤ ሁለታችንም አለፍን። ከመስቀል በኋላ ልንሄድ ቆረጥን።

በነሐሴ መልእክት መጣልኝ። አባባ ማኅሌት ቆመው ሳሉ ወድቀዋል፤ የቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ ወንድሜም ገና ሕፃን ሳለ አልፏል። ከእኔ በቀር ማንም አልነበራቸውም። ለኃይለ ማርያም «ሁለት ሳምንት ነው» ብዬው የልብስ ሣጥኔን እሱ ዘንድ ትቼ፣ በክረምት መኪና ከማይገባበት ጀምሮ በእግሬ መጣሁ። ሁለት ሳምንቱ ወር ሆነ፤ ወሩ ደግሞ ዓመት። አባባን በቃሬዛ አስይዤ ንፋስ መውጫ አመጣኋቸው፤ ሐኪም ቤትም ጽሕፈት ቤትም ያለው እዚያ ነበርና። ታይፕ የሚመታ ሰው ሲፈለግ ተቀጠርሁ። ቀጥሎም አባባ ከተኙበት ሆነው ሽማግሌ ላኩና እስቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ የሚኖሩትን የባላምባራስ ወርቅነህን ልጅ ጥሩነሽን አጋቡኝ። እያንዳንዱ ነገር ሲመጣ ትንሽና ተገቢ ነበር፤ እንቢ የሚባል አልነበረም። አንድ ቀን ግን ከቢሮዬ መስኮት የጉናን ተራራ እያየሁ፣ በዚያ በኩል የመጣሁበትን መንገድ ደግሜ እንደማልረግጠው ተሰማኝ፤ ኮቴን ፈትቼ ደጅ ወጣሁ።

የመጀመሪያውን ፉርጎ የሠራሁት ባቡር ልሠራ አስቤ አይደለም። ሰርዲን በልቼ ባዶውን ቆርቆሮ ሳየው ልክ ዕቃ ጫኙን ፉርጎ መሰለኝ። ከአሮጌ ኮቴ አራት ቁልፍ ቆርጬ በሽቦ አሰርሁለትና መዝገብ ላይ ገፋሁት፤ ሄደ። በማግሥቱ ያለ ሐዲድ መቆሙ ደስ አላለኝም። በሳምንቱ የነጭ ጋዝ ቆርቆሮ በቀጭኑ ቆርጬ፣ አጥፌ፣ በወይራ ስንጥር ላይ አቆምሁት። ጥሩነሽ በሰው ፊት «አንቱ» ትለኝ ነበር፤ ብቻችንን ስንሆን «አንተ» ነበር የምትለኝ። አጠገቤ ቆማ ስታይ ቆየችና ጠየቀችኝ፤

«ይኼ የት ነው የሚሄድ?»

«የትም አይሄድም። ዞሮ እዚሁ ይመጣል።»

«እንግዲያው እግር ምን አደረገለት?» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሳንቃውን የሰጡኝ አባባ ናቸው። በስማዳ ደብራቸው ሲታደስ ተርፎ የተሰጣቸው ሁለት ረጃጅም የጥድ ሳንቃ ነበር። እሱን አጋጥሜ ከአልጋቸው ፊት፣ ከመስኮቱ ሥር ዘረጋሁት። ሌላ ክፍል አልነበረንም፤ ደግሞም ስሠራ እያዩኝ ቢውሉ ይሻላል አልሁ። በኩራዝ መሥራት አልችልም፤ ጢሱ ያስላቸዋል። ስለዚህ የእኔ ጊዜ ከቢሮ ከምወጣበት ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ያለችው አንዲት ሰዓት ነበረች። እሷም ብትሆን ሁልጊዜ የእኔ አልነበረችም። እሑድና ቅዳሜ ሰንበት ናቸው። በዓለ ወልድ አለ፣ ማርያም አለች፣ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም። የመሪጌታ ልጅ በበዓል ቀን መዶሻ ቢያነሣ ጎረቤት ሰምቶ ዝም አይልም። በዐቢይ ጾም ከቢሮ ስመለስ ጉልበቴ ይከዳኛል። በግንቦትና በሰኔ ለእርሻ፣ በኅዳር ለአጨዳ፣ በጥር ለውቂያ ወደ ስማዳ መውረድ አለብኝ፤ የአባባን መሬት የሚያርሰው እኩል አራሽ እኔ ካልቆምሁ አይሆንለትም። በእግር ሄጄ በእግር እመለሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን እጄ ፒንሳ አይጨብጥም። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላና ስማዳ መውረዱ ይቀርልኛል፤ ቢሮም ባለጉዳይ ይቀንሳል። ጊዜ አገኘሁ ስል ደግሞ ሰማዩ ጠቁሮ በዘጠኝ ሰዓት ይጨልማል። ቆርቆሮውም ይዝጋል። የጥሩነሽን የራስ ቅቤ ሰርቄ ሐዲዱን እቀባ ነበር፤ ታውቅ ነበር፤ ዝም ትለኝ ነበር።

አባባ ባቡር አይተው አያውቁም። መጀመሪያ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኙ ነበር። አንድ ቀን ግን በዚያ በተጣመመ አፋቸው «ምንድን ነው የሚጭን?» አሉኝ። «ሰውም ዕቃም ይጭናል» አልኋቸው። «ታዲያ ባዶውን ምን ያዞረዋል?» ሲሉኝ ጥሩነሽ ከጓዳ አንድ ጭብጥ ገብስ አምጥታ ፉርጎው ውስጥ አፈሰሰችበት። ከዚያ በኋላ የሐዲዱ አለቃ እሳቸው ሆኑ። በተማሪነታቸው ከጋይንት እስቴ፣ ከእስቴ ስማዳ ትምህርት ፍለጋ በእግራቸው የዞሩ ሰው ናቸው፤ እያንዳንዱን ዳገት፣ እያንዳንዱን መሻገሪያ ያውቁታል። ከንፋስ መውጫ ተነሥቶ ወገዳ የሚደርስ፣ ከወገዳ ወደ መካነ ኢየሱስ የሚዞር፣ ከዚያም በጉና ሥር አድርጎ የሚመለስ ባቡር ልንሠራ ተስማማን። በሸክላ ጭቃ ተራሮቹን አቆምሁ። ሦስቱን ጣቢያዎች በቢሮው ሐምራዊ ቀለም ሳንቃው ላይ ጻፍሁ።

«እዚህ ላይ አያልፍም» ይሉኛል በግራ እጃቸው እያመለከቱ። «ገደል ነው። በላይ በኩል ውሰደው።»

«አባባ፣ በላይ በኩል ከወሰድሁት ከጠርዙ ይወጣል፤ ሳንቃው አለቀ።»

«ሳንቃው አለቀ ተብሎ ሰው ገደል ይገባል?»

አፍርሼ እንደገና እሠራለሁ። አንዳንድ ቀን ይህ ደስታዬ ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ እጄ ላይ ያለውን ፒንሳ ትቼ በር ከፍቼ መሮጥ ያምረኝ ነበር። ተነሥቼ እስከ በሩ ሄጄ ውኃ የምፈልግ መስዬ እመለሳለሁ።

የባቡሩን ራስ ብቻዬን ልሠራው አልቻልሁም። ቢሮ ውስጥ የተጣለች ባለደወል ሰዓት ነበረች፤ ሞላዋ ደኅና ነበር። ሞላው ተጠምዝዞ ሲፈታ መንኰራኵሩን እንዲያዞር ማድረግ የፈለገ ሰው ግን የመበየጃ እሳት ያለውና ትንንሽ የብረት መንኰራኵር የሚያወጣለት ባለእጅ ያስፈልገዋል። ከከተማው ውጭ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ አያ ደሴ የሚባል ሰው ነበር። የዛሬ ልጆች ላይገባቸው ይችላል፤ ያኔ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቤት የሚበላ፣ አብሮት የሚቀመጥ አልነበረም። ዓይናቸው ሰው ያሳምማል ይባላል። የሠሩትን ማረሻ ግን የማይገዛ ገበሬ አልነበረም። እኔ ከቢሮ ወጥቼ ወንዙን ተሻግሬ እሱ ዘንድ ሄድሁ። ሰዓቷን ፈትቶ ሞላውን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ይኼ ጉልበቱን ከየት አመጣው?» አለኝ።

«አንተ ስትጠመዝዘው ያንተን ጉልበት ይይዝልሃል።»

«ከያዘስ አይሰጥም?»

«ቀስ እያለ ይሰጣል።»

ሳቀ። ሦስት ጊዜ ሄድሁ። ጥድ እያደማ ሙጫ ያመጣ ነበር፤ በእሱ እየጠራረግን እርሳሱን እናቀልጣለን፤ ያች ሽታ ከዚያ ናት። በሦስተኛው ጊዜ የባቡሩ ራስ መሬት ላይ አንድ ክንድ ያህል በራሱ ሄደ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላም፣ በሥራዬ በሙሉ ልቤ የተደሰትሁበትን ቀን ቢጠይቁኝ ያን ቀን እላለሁ። ቤት ወስጄ ሳንቃው ላይ ሳዞረው አባባ በደኅናው እጃቸው አልጋውን እየመቱ እንደ ከበሮ አጀቡት።

በዚያው ሰሞን ልጃችን ስንዱ ታመመች። የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ትኩሳት ያዛት፤ ምግብ አልወስድ አለች፤ ዓይኗን ገልጣ እኛን የማታየን ሆነች። ሐኪም ቤት ወስደናት መርፌ ተወጋች፤ ጥሩነሽ ሦስት ቀን ከጀርባዋ አላወረደቻትም። እኔ ወንዙን መሻገሬን ያየ ሰው ነበርና ወሬው መካነ ኢየሱስ ደረሰ። አማቴ ባላምባራስ የንስሐ አባታችንንና አንድ ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ከአባባ አልጋ ፊት፣ ሳንቃው አጠገብ ተቀመጡ። በርኖሳቸውን አላወለቁም።

«ልጄን የዳርሁ ለጸሐፊ ነው» አሉ ባላምባራስ። «ለቀጥቃጭ አይደለም።»

«ባላምባራስ፣ መጫወቻ ነው እንጂ ሥራ አይደለም» አልኋቸው።

«መጫወቻ ከሆነማ የባሰ ነው። የልጅ አባት ነህ። ይኸው ልጅቱ በዓይን ተበልታ ተኝታለች። ወይ ይህን ቆርቆሮ ወርውረህ ከዚያ ሰው ቤት እግርህን ትቆርጣለህ፣ ወይ ልጄንና የልጅ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ።»

የንስሐ አባታችን የእጅ መስቀላቸውን እያሻሹ፣ «ነገሩ እንኳ ለሁላችንም ሰላም ሲባል…» ማለት ሲጀምሩ አባባ ከአልጋቸው ተናገሩ። ንግግራቸው ስለሚጎተት ሁሉም ጎንበስ ብሎ ማዳመጥ ነበረበት።

«አባ፣ ያ በእጅዎ ያለው መስቀል ከሰማይ ነው የወረደ?»

ቄሱ መስቀላቸውን ማሻሸት አቆሙ።

«ብዙ ዘመን ጽናጽል ይዤ ዘመርሁ። ያን ጽናጽል የሠራውን ሰው ግን አንድ ቀን ከቤቴ አስገብቼ ውኃ አላጠጣሁትም። ሰው ሲተኛ ብዙ ያስባል። እኔን አሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።»

ባላምባራስ አባባን ይፈሩ፣ ያከብሩም ነበር፤ ወደ መሬት አዩ። ሽማግሌው አስታራቂ ሐሳብ አመጡ፤ ባቡሩ ይቀመጥ፣ እኔ ግን ባለእጁ ቤት ዳግመኛ አልሂድ። ጥሩነሽ ልጅቷን አዝላ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ምን እንድል እንደምትፈልግ ከፊቷ ማንበብ አልቻልሁም። «እሺ» አልሁ። አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስንዱ ከሁለት ቀን በኋላ ላብ በላብ ሆና ውኃ ጠየቀች፤ ዳነች። መርፌው ነው ያልሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ገበያ አያ ደሴ ማጭዱን ዘርግቶ ከገበያው ጫፍ ተቀምጦ አየኝ። ቀደም ብዬ ያዘዝሁት አንድ ነገር ነበር፤ ለሁለተኛው ፉርጎ የሚሆን አራት ትንንሽ መንኰራኵር። መዳፉ ላይ አድርጎ ከፍ አደረገልኝ። እኔ ወደ በርበሬ ነጋዴዋ ዞሬ በርበሬ መምረጥ ጀመርሁ። በጎን ሳይ እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ባቡሩ እስከ መጨረሻው ድረስ በአንድ ፉርጎ ነው የዞረ።

በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ከኃይለ ማርያም ደብዳቤ መጣ። ቢሮ ውስጥ ከመንግሥት ፖስታዎች መካከል አገኘሁት። ድሬዳዋ ደኅና ቦታ ይዟል፤ አሁን አንድ የሥራ ቦታ ተከፍቷል፣ አለቃውን አነጋግሮልኛል፣ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ከደረስሁ ሥራው የእኔ ነው። «ሣጥንህ አሁንም እኔ ዘንድ ነው፤ ልብስህን ብል ሳይጨርሰው ና» ይላል። ያኔ ወደ ንፋስ መውጫ መኪና የሚገባው በበጋ ብቻ ነበር። ዝናብ ከጣለ መንገዱ ጭቃ ሆኖ እስከ ጥቅምት ይዘጋል። ከደብረ ታቦር እህልና ቆዳ ሊጭን የሚመጣ አንድ የጭነት መኪና በሳምንቱ እንደሚመጣ፣ የዓመቱ የመጨረሻ እሱ እንደሆነ ሰማሁ።

ደብዳቤውን በኪሴ ይዤ ሦስት ቀን ዞርሁ። በአራተኛው ቀን አባባን ገልብጬ ጀርባቸውን ሳሽላቸው ወረቀቱ ከኪሴ ወደቀ። አነበቡት።

«መቼ ነው መኪናው?» አሉ።

«ዐርብ።»

«ሂድ።»

«እንዴት ብዬ ነው የምሄደው አባባ? ማን ያገላብጥዎታል? ጥሩነሽ ብቻዋን…»

«እኔን ታገላብጠኛለች፤ ሲመችህ ትወስዳታለህ። እኔም ብሆን ብዙ አልቆይም።» ትንሽ አረፉና ጨመሩ፤ «እስከ ዛሬ ያሰርሁህ እኔ እንደሆንሁ አድርገህ ስታየኝ ኖርህ። አይቼሃለሁ። አሁን ፈትቼሃለሁ፤ ሂድ።»

ሐሙስ ዕለት ከሥራ መልቀቂያዬን ራሴ ታይፕ መትቼ ፈረምሁበት። ለጥሩነሽ እነግራታለሁ እያልሁ አልነገርኋትም። ዐርብ ጠዋት ቢሮ ገባሁ፤ መልቀቂያውን ለሹሙ ሰጥቼ ወደ ቤት ሮጬ ልብሴን ልይዝ ነበር። መኪናው ገበያው መሐል ቆሞ ቆዳ ይጫንበታል፤ ከመስኮቴ ይታያል። አንድ የርስት ክርክር መዝገብ ፊቴ ነበር፤ ቁጥር ልስጠውና እነሣለሁ አልሁ። ሰጠሁት። ሌላውንም ሰጠሁት። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ተሳፋሪው ቆዳው ላይ ወጣ። ደግሞ ነፋ። እጄ ይጽፋል። በሦስተኛው ጥሩምባ መኪናው ተነቃነቀ፤ በወይዘሮ አስካለ ጠጅ ቤት መታጠፊያ ዞረና አቧራው ብቻ ቀረ። ማንም አልያዘኝም። በሩም ክፍት ነበር። መልቀቂያውን ከኃይለ ማርያም ደብዳቤ ጋር አጥፌ፣ ማንም የማይከፍተው አሮጌ መዝገብ ውስጥ አስገብቼ በክር አሰርሁት።

ቤት ስገባ አባባ ዓይናቸውን ከበሩ አልነቀሉም ነበር።

«አልሄድህም?»

«ዝናቡ መንገዱን ዘጋው አሉ» አልኋቸው።

ብዙ አዩኝ። ከዚያ «እንግዲያው ባቡሩን አዙርልኝ» አሉ። ሞላውን ጠመዘዝሁት፤ ገብሱን ጭኖ ከንፋስ መውጫ ወገዳ፣ ከወገዳ መካነ ኢየሱስ እየዞረ መጣ።

አባባ በነሐሴ፣ ለፍልሰታ ፍቺ ጥቂት ቀን ሲቀረው ዐረፉ። ካህናቱ መሪጌታ በሣጥን ይቀበሩ አሉ፤ በዚያ ክረምት ግን በከተማው ለሣጥን የሚሆን ሳንቃ አልተገኘም፣ ከደብረ ታቦር የሚመጣም የለም። አናጢው እጁን አጣጥፎ ቆመ። «ሳንቃ አለ» አልሁ። ለቀስተኛው በድንኳን ሥር ሲያለቅስ እኔ እቤት ገብቼ ሐዲዱን በፒንሳ መንቀል ጀመርሁ። ጥሩነሽ ጆንያ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ እነቅላለሁ፣ እሷ ትቀበለኛለች። የሸክላ ተራሮቹን በቢላ ፋቅኋቸው። ቀለሙ ግን እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ስለነበር አልለቅ አለ። አናጢው በሌላው ፊት ልገልብጠው ሲለኝ፣ የተጻፈበት ወደ ውስጥ ይሁን አልሁት። አባባ በተማሪነታቸው በእግራቸው የዞሩበትን አገር ስም ከደረታቸው በላይ አድርገው ተቀበሩ። ሚስማሩ በቅጠል ተጠቅልሎ የተላከ እንደነበር፣ የላከውም አያ ደሴ እንደሆነ፣ እሱም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ እንደዋለ ኋላ አናጢው ነገረኝ። ሄጄ ላመሰግነው ይገባኝ ነበር። ዛሬ ነገ ስል እሱም ሞተ።

ሐዲዱ ጆንያው ውስጥ ዝጎ ተጣለ። የባቡሩን ራስ ስንዱ ስታገባ ወሰደችው፤ ልጆቿ ሞላውን ሰበሩት። መንግሥት ተለወጠ፤ የቢሮው ማኅተም ተለወጠ፤ እኔ እዚያው መዝገብ ቤት ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። ለኃይለ ማርያም መንገዱን ዝናብ እንደዘጋው ጽፌለት ነበር። ለሰውም እንደዚያው ነው የማወራው። ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ፤ «ለጥቂት ነበር እኮ፣ ያ ዝናብ ባይጥል ኖሮ ዛሬ ድሬዳዋ ነበርሁ» እላለሁ፤ ሰውም ራሱን ይነቀንቅልኛል።

ዓምና እንዲሁ ለአንድ እንግዳ ይህንኑ አውርቼ፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ፣ ጥሩነሽ ሰፌድ ላይ ምስር እየለቀመች ቀና ሳትል ተናገረች።

«የዚያን ቀን ዝናብ አልነበረም።»

«የቱን ቀን?»

«መኪናው የሄደ ቀን። ነጩን ሸሚዝህን ለመንገድ ይሆንሃል ብዬ በጠዋት አጥቤ አጥሩ ላይ አስጥቼልህ ነበር። ከቀትር በፊት ደረቀ።»

«መሄዴን ማን ነገረሽ?» አልኋት።

«አባባ ናቸው። ስንቅ አዘጋጂለት ብለውኝ በሶ አዘጋጅቼ ከበሩ ጀርባ አስቀምጬልህ ነበር።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽ?»

አንዲት ጠጠር አግኝታ ወረወረች። «አንተ ዝናብ ነው አልህ። እኔም ዝናብ ይሁን አልሁ።»

ውጭ ነፋሱ ባሕር ዛፉን ያንሿሿል።

«በሶውን ምን አደረግሽው?» አልኋት በመጨረሻ።

«ለአባባ በጥብጬ ሰጠኋቸው። ሦስት ቀን ጠጡት።»

በርጩማዬን አስጠግቼ ከሰፌዱ በዚህኛው ጫፍ ምስር መልቀም ጀመርሁ።